ሽፋን የሌለው መጽሐፍ፦ የአንድ ልብ ወለድ ፍለጋ ማስታወሻ

ሳምንት 1

አጎቴ የዓይን ሞራቸው በቀዶ ሕክምና ተወግዶላቸው ዳግም ማንበብ ሲጀምሩ በቅድሚያ የጠየቁኝ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ በመሆኑ ርእሱንም የደራሲውንም ስም የማያውቁትን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ እንድፈልግላቸው ነው። ያነበቡት በ1959 ጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ሲሆን፣ መጽሐፉን የሰጧቸው ፒስ ኮር በተባለው የአሜሪካ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት በኩል የመጡ አሜሪካዊ አስተማሪያቸው ናቸው። እኛ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በተወሰድንበት በሙሴ ዘመቻ ጊዜ በሱዳን በኩል ሲወጡ ለጎረቤት ትተውት ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አላዩትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ረሖቮት ወደሚገኘው ቤታቸው ሄጄ፣ ስልኬን መቅጃ አድርጌ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥሁና የሚያስታውሱትን ሁሉ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ስለ ምን ነበር?» ስላቸው፣ «ስለ አንድ የእኛ ሰው ነው፤ ኤልሳዕ ይባላል። በጣም የተማረ ነው፤ በኋላ ግን ከወገኑ ተለየ» አሉኝ። ከዚያ ቀጥሎ የነገሩኝ በቅደም ተከተል አልነበረም። ሰውዬው የግሪኮችን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ያነባል። አንድ ልጅ የወፍ ጎጆ ካለበት ዛፍ ላይ ወድቆ ይሞታል። አንድ ሰው በሰንበት ፈረስ ተቀምጦ ሲሄድ ሌላው በእግሩ እየተከተለ ይማርበታል። ከሮማውያን ጋር ጦርነት አለ፤ ቤተ መቅደሱም ይቃጠላል። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ወረቀቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ እነዚህን በጎግል ሺትስ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገባሁ። ለእያንዳንዱ ፍንጭ «እርግጠኛ»፣ «መሰለኝ» ወይም «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ሰጠሁ። ስሙንና ቤተ መቅደሱን «እርግጠኛ»፣ ፈረሱንና ልጁን «መሰለኝ»፣ ጂኦሜትሪውን «አጠራጣሪ» አልሁት፤ ምክንያቱም አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን የሒሳብ አስተማሪ ስለነበሩ የራሳቸውን ሙያ ከመጽሐፉ ጋር አቀላቅለውት ይሆናል ብዬ ገመትሁ።

በኋላ የተጨመረ፦ ምልክቱን መስጠት የነበረባቸው እርሳቸው እንጂ እኔ አልነበርሁም። ሦስት ሳምንት ያባከንሁት በዚህ ሰንጠረዥ ምክንያት ነው።

ወጪ፦ ማስታወሻ ደብተር፣ 12 ሸቀል።

ሳምንት 2

ኤልሳዕ ሲባል ነቢዩ ኤልሳዕ ነው ብዬ ተነሣሁ፤ በአማርኛ ላደገ ሰው ይህ ስም ሌላ ሰው አያስታውስም። የሚያሳዝነው ፍንጮቹ ከነቢዩ ታሪክ ጋር የሚገጥሙ መስለው መታየታቸው ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 የሱነማይቱ ልጅ ይሞታል፤ ምዕራፍ 6 ላይ ነቢዩን የከበቡ የእሳት ፈረሶችና ሠረገሎች አሉ፤ በዚያው ምዕራፍ ሰማርያ በሶርያውያን ትከበባለች። ሞቶ የተገኘ ልጅ፣ ፈረስና ጦርነት በአንድ ስም ሥር ስለተገኙልኝ የቀሩትን ሳልመረምር ተደሰትሁ። ሮማውያኑን «ሶርያውያን ማለታቸው ይሆናል» ብዬ አለፍኋቸው፤ ጂኦሜትሪውን ደግሞ ከነጭራሹ ሰረዝሁት።

ስለ ነቢዩ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በ78 ሸቀል አዝዤ በስምንት ቀን ደረሰኝ። ለአጎቴ ይዤላቸው ስሄድ ሽፋኑን እንኳ ሳይገልጡ፣ «ይኼ ቀጭን ነው» አሉኝ። ሁለት ገጽ ካነበብሁላቸው በኋላ ደግሞ፣ «ነቢዩን ማን አነሣ? እኔ እኮ ረቢ ነው ያልሁሽ» አሉ። በቅጂው ላይ ረቢ የሚለው ቃል የለም፤ ነገር ግን «በጣም የተማረ ነው» ሲሉ እርሳቸው ያሰቡት ረቢን፣ እኔ የሰማሁት ነቢይን ነው። ሰንጠረዡ ላይ «ረቢ» የሚል አዲስ መስመር ጨምሬ፣ መጽሐፉን ለሰፈሩ ሲፍሪያ፣ ማለት ቤተ መጻሕፍት፣ በስጦታ ሰጠሁት።

ሳምንት 3

በዚህ ሳምንት በጊዜ ገደብ ለማጣራት ሞከርሁ። መጽሐፉን ያነበቡት በ1959 ከሆነ ከዚያ ዓመት በኋላ የታተመ ሁሉ ይወጣል፤ አመክንዮው ትክክል ነበር። ስሕተቱ ቁጥሩን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መውሰዴ ነው። አጎቴ የተናገሩት ስለ 1959 ዓ.ም. ነው፤ ያም በፈረንጅ 1966 ወይም 1967 ይሆናል። ፒስ ኮር ራሱ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1962 በመሆኑ፣ ትንሽ ባስብ ኖሮ በ1959 የፒስ ኮር አስተማሪ ሊኖር እንደማይችል አውቅ ነበር። ቀን የሚጻፍበት ዓምድ ሁሉ የየትኛው አቆጣጠር መሆኑ አብሮ እንዲጻፍ ሰንጠረዡን አስተካከልሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው።

ገደቡ ወደ 1967 ሲሰፋ ቀደም ብዬ ያወጣሁት የጄምስ ሚችነር «ዘ ሶርስ» ተመለሰ። ይህ በ1965 የታተመ ግዙፍ መጽሐፍ በገሊላ ማኮር የተባለ ልብ ወለዳዊ የቁፋሮ ስፍራ ላይ ተመሥርቶ የአይሁድን ታሪክ በየዘመኑ የሚተርክ ነው። ውፍረቱ ይገጥማል፤ ሮማውያንም አሉበት። ይበልጥ የሳበኝ ግን ሁለት ምዕራፎቹ በወፍ ስም መጠራታቸው ነው፤ አንደኛው በንብ በሊታ፣ ሁለተኛው በሁድሁድ። ወፍ የሚለው ፍንጭ ሰንጠረዡ ላይ ስለነበረ በ25 ሸቀል አሮጌ ቅጂ ገዝቼ አራት ሌሊት አነበብሁ። ታሪኩ ሸጋ ነው፤ የአጎቴ መጽሐፍ ግን አይደለም። እርሳቸው የሚያስታውሱት ከልጅነት እስከ እርጅና የሚሄድ የአንድ ሰው ሕይወት ነው፤ ሚችነር ደግሞ በየምዕራፉ ዘመን እየለወጠ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመቶችን ያቋርጣል። ይህን ጥያቄ፣ ማለትም ዋናው ሰው አንድ ነው ወይስ ብዙ የሚለውን፣ ከመግዛቴ በፊት በስልክ መጠየቅ እችል ነበር።

የቀሩትን በፍጥነት አወጣኋቸው። የሊዮን ፎይክትቫንገር የዮሴፉስ ሦስትዮሽ ዋናው ሰው ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ ስለሆነ አይሆንም። የሃዋርድ ፋስት በ1948 የታተመው ልብ ወለድ ስለ መቃብያን፣ የሞሼ ሻሚር የ1954ቱ ደግሞ ስለ ንጉሥ አሌክሳንደር ያናይ ስለሆነ ሁለቱም ከሮም ጦርነት በፊት ይወድቃሉ።

ወጪ እስካሁን፦ 115 ሸቀል፤ ውጤት የለም።

ሳምንት 4

አዲስ መጽሐፍ መፈለጉን ትቼ ወደ ቅጂው ተመለስሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍሁት የእርሳቸውን ቃል ሳይሆን የእኔን ማጠቃለያ ስለሆነ፣ የአርባ ሰባት ደቂቃውን ቅጂ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር ተቀምጬ ቃል በቃል ገለበጥሁት። ሥራው ሁለት ምሽት ፈጀ፤ ከሁሉም ሥራ የተሻለው ግን ይህ ሆነ።

ስለ ልጁና ስለ ዛፉ እኔ ሰንጠረዡ ላይ ያሰፈርሁት «ልጅ ከዛፍ ወድቆ ይሞታል» የሚል ነው። አጎቴ ያሉት ግን ይህ ነው፦ «አባትየው ልጁን ውጣና አምጣ አለው። ልጁ ወጣ። እናቲቱን ወፍ አባረራት፤ ጫጩቶቹን ሊወስድ ሲል ወደቀ። ሁለቱንም ትእዛዝ ጠብቆ ነው የሞተው። ኤልሳዕ ቆሞ ያይ ነበር።»

«ሁለቱንም ትእዛዝ» የሚለውን እኔ ዘልዬዋለሁ። አጎቴ ሕጉን ያውቁታል፤ አባታቸው ኦሪቱን በግእዝ ያስጠኗቸው ነበር። በኦሪት ዘዳግም 22፥6-7 ጫጩቶች ወይም እንቁላል ያለበት ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ለቅቆ ልጆቹን ብቻ እንዲወስድ ታዝዟል፤ ዋጋውም መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ነው። አባትንና እናትን የማክበር ትእዛዝም በኦሪት ዘጸአት 20፥12 ተመሳሳይ የዕድሜ ተስፋ አለው። ልጁ አባቱን ታዘዘ፣ እናቲቱን ወፍ ለቀቀ፤ ረጅም ዕድሜ የተገባባቸውን ሁለት ትእዛዞች በአንዲት ደቂቃ ፈጽሞ በዚያችው ደቂቃ ሞተ። አጎቴ ይህን የደራሲው ፈጠራ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እኔም እንደዚያው።

ዓርብ ማታ እራት ላይ ይህንኑ ለእኅቴ ልጅ አወራሁት። እርሱ የሺቫ፣ ማለት የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ የሚማር የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ዳቦውን እየቆረሰ፣ «አክስቴ፣ ይኼማ ኪዱሺን ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ኤሊሻ ቤን አቡያ» አለኝ። ኪዱሺን የታልሙድ፣ ማለት የጥንት ረቢዎች የሕግና የትረካ ስብስብ፣ አንዱ ክፍል ነው፤ ኤሊሻም ኤልሳዕ በዕብራይስጥ ሲጠራ ነው። አራት ሳምንት የደከምሁበትን ነገር እርሱ ቁራሹን ሳይውጥ መለሰው።

በኢትዮጵያ ያደጉት አባቶቻችን ኦሪትን እንጂ ታልሙድን አያውቁም ነበር፤ እኛም ታልሙድ መኖሩን በቅጡ ያወቅነው እዚህ ከገባን በኋላ ነው። ስለዚህ አጎቴ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ያነበቡት ትዕይንት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ትረካ መሆኑን የሚነግራቸው አልነበረም። እኔም የእኅቴን ልጅ ባላገኝ ኖሮ ደራሲ ስፈልግ እከርም ነበር።

ሳምንት 5

ሰፋሪያ በተባለው ነፃ የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ጥቅሶቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። በባቢሎን ታልሙድ፣ ኪዱሺን 39ለ፣ አባቱ ወደ ግንብ ላይ ወጥተህ ጫጩት አምጣልኝ ያለው ልጅ እናቲቱን ለቅቆ ልጆቹን ከወሰደ በኋላ ሲመለስ ወድቆ ስለ መሞቱ ይነገራል፤ ኤሊሻ ከሃይማኖቱ የወጣው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ሊሆን እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ልብ በሉ፤ እዚህ ያለው ግንብ ወይም ሕንጻ እንጂ ዛፍ አይደለም። ዛፉ የሚገኘው በኢየሩሳሌም ታልሙድ ነው፤ በዚያ ትረካ በጌንሳሬጥ ሸለቆ አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ እናቲቱን ከነልጆቿ ወስዶ በሰላም ይወርዳል፣ ሌላው ደግሞ በማግስቱ ሕጉን ጠብቆ ወጥቶ ሲወርድ በእባብ ተነድፎ ይሞታል። የእኛ ደራሲ የአንዱን ዛፍ ከሌላው ልጅ ጋር አገናኝቷል ማለት ነው። ይህን ማወቄ ጠቀመኝ፤ ሁለቱን ትረካዎች ያዋሓደ ጸሐፊ ታልሙድን ከምንጩ የሚያነብ ሰው መሆን አለበት ብዬ ረቢ የሆነ ደራሲ መጠርጠር ጀመርሁ።

ፈረሱም ወዲያውኑ ተገኘ። በሐጊጋ 15ሀ ኤሊሻ በሰንበት በፈረስ ሲሄድ ደቀ መዝሙሩ ረቢ መይር ኦሪት ሊማር ከኋላው በእግሩ ይከተላል፤ ኤሊሻም የፈረሱን ርምጃ ሲቆጥር ቆይቶ በሰንበት የሚፈቀደው የጉዞ ወሰን፣ ማለትም ሁለት ሺህ ክንድ፣ እዚህ ላይ ስለሚያበቃ ተመለስ ይለዋል። ራሱ ሰንበትን እየሻረ የተማሪውን ሰንበት ይቆጥርለታል። አጎቴ ይህን ስድሳ ዓመት ግድም ተሸክመውት ኖረዋል፤ በሰንበት እሳት በማይጫርበትና መንገድ በማይወጣበት ቤት ላደገ ልጅ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ረቢ እንዴት እንደታየው መገመት አያስቸግርም። ሐጊጋ 15ለ ላይ ደግሞ የግሪክ ዜማ ከአፉ እንደማይለይና ከጉያው የመናፍቃን መጻሕፍት ይወድቁ እንደነበር ይነበባል። የሰረዝሁት ጂኦሜትሪ በቀይ ቀለም ተመለሰ።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። በላቲን ፊደል «አቡያ» አንዴ በ«ቢ»፣ አንዴ በ«ቪ»፣ አንዴም መጨረሻው ላይ «ኤች» ተጨምሮበት ይጻፋል፤ ሊቃውንቱም ስሙን ላለመጥራት «አኸር»፣ ማለት ሌላው፣ ይሉት ስለነበር በዚያም መፈለግ ያስፈልጋል። ዎርልድካት በተባለው የዓለም ቤተ መጻሕፍት የጋራ ካታሎግ ስድስት የአጻጻፍ ዓይነት ሞከርሁ። መጀመሪያ የወጡልኝ የሜይር ሌተሪስ በ1865 የታተመ የጌቴ ፋውስት የዕብራይስጥ ትርጉም፣ ፋውስትን ወደ ቤን አቡያ የለወጠው፣ እንዲሁም የያዕቆብ ጎርዲን የ1906 የይዲሽ ተውኔት ናቸው። ሁለቱም እንግሊዝኛ አይደሉም፤ ልብ ወለድም አይደሉም። በአንድ ሲፍሪያ የጠየቅኋት ባለሙያ ደግሞ የዮኺ ብራንደስን የረቢ ዓቂባ ልብ ወለድ አቀበለችኝ፤ ኤሊሻ ከዓቂባ፣ ከቤን ዓዛይና ከቤን ዞማ ጋር ወደ ፓርዴስ፣ ማለት በታልሙድ ወደሚተረከው የምሥጢር ገነት፣ ከገቡት አራቱ አንዱ ስለሆነ ጥቆማው ብልህ ነበር፤ ግን መጽሐፉ የወጣው በ2012 ነው።

ወደ ኢየሩሳሌም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከመሄዴ በፊት ባለው ምሽት የገለበጥሁትን ቅጂ እንደገና አነበብሁ። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቡና እየተቀዳ ሳለ አጎቴ እንዲህ ብለው ነበር፦ «የፊተኛው ገጽ ተቀዶ ታች ላይ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታ ነበር፤ ሊፍ ትላለች። የወረቀት ቁጥር መስላኝ ነበር።» እኔም የማተሚያ ቤት ምልክት ናት ብዬ ሳልመዘግባት ቀርቻለሁ። በእንግሊዝኛ «ሊፍ» ቅጠልም የመጽሐፍ ወረቀትም ነው፤ በእኛም ቢሆን የብራናን ወረቀት ቅጠል የሚሉ አሉ። የተቀደደው ግን የርእሱ ገጽ ነበር፤ ቃሉም የርእሱ የመጨረሻ ቃል ነበር።

ፍለጋው ላይ «ኤሊሻ» እና «ሊፍ» አንድ ላይ ስጽፍ መጽሐፉ በመጀመሪያው መስመር መጣ፦ ሚልተን ስታይንበርግ፣ «አዝ ኤ ድሪቨን ሊፍ»፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ቦብስ ሜሪል፣ 1939። በአማርኛ «ነፋስ እንደሚያባርረው ቅጠል» ልለው እችላለሁ። ርእሱ ከመጽሐፈ ኢዮብ 13፥25 የተወሰደ ነው፤ በዚያ ኢዮብ አምላኩን በነፋስ የሚረግፍ ቅጠልን ለምን ታስጨንቃለህ ብሎ ይጠይቃል። ስታይንበርግ በኒው ዮርክ የፓርክ አቬኑ ምኵራብ ረቢ ነበር፤ በ1903 ተወልዶ ገና አርባ ሰባት ሳይሞላው በ1950 ዐረፈ። ረቢ ይሆናል ያልሁት ልክ ስለ ሆነ ትንሽ ኮራሁ፤ ከዚህ ሁሉ ስሕተት በኋላ ይፈቀድልኝ።

ሳምንት 6

መጽሐፉን ከማዘዜ በፊት ማረጋገጥ ፈለግሁ፤ ሁለተኛ 78 ሸቀል ለስጦታ አላወጣም። ኢየሩሳሌም ሄጄ በንባብ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዓት አነበብሁና ስምንት ጥያቄዎች አዘጋጀሁ። ከስምንቱ ሦስቱን ሆን ብዬ በሐሰት መሠረት ላይ ሠራኋቸው፤ ምክንያቱም አጎቴ እኔን ለማስደሰት «አዎ፣ አዎ» ሊሉ ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንትም ሳይታወቀኝ መልስ አቀብያቸው እንደነበር ከቅጂው ተረድቻለሁ። ርእሱንና የደራሲውን ስም አልነገርኋቸውም።

«ጋሼ፣ ኤልሳዕ ከአገሩ ሲወጣ ወደ እስክንድርያ ነው የሄደው አይደል?» ብዬ የሐሰቱን አቀረብሁ። «ማን አለሽ? አንጾኪያ ነው» አሉ ወዲያውኑ። የግሪኩ አስተማሪ ምን ሆነ ስላቸው፣ አባትየው ሲሞት የልጁ አጎት እንዳባረረው ነገሩኝ፤ አክለውም «አጎት ሁሉ ጥሩ አይደለም» ብለው ሳቁ። የመይርና የብሩርያ ሁለት ልጆች መሞታቸውን ሳልጠይቃቸው አነሡት። ሚስቲቱ ለባሏ ሞታቸውን ከመንገሯ በፊት ባለንብረቱ የመጣበት አደራ ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብላ እንደጠየቀችው አጎቴ ሲተርኩ፣ ያን ታሪክ በምሳሌ ሚድራሽ፣ ማለት በረቢዎች የመጽሐፈ ምሳሌ ትርጓሜ፣ አንብቤው ስለነበር አወቅሁት። ከስምንቱ ሰባቱን በትክክል መለሱ።

የሳቱት አንዱን ነው፤ እርሱም ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል የሚለውን። በኤሊሻ ዘመን ቤተ መቅደስ የለም፤ በ70 ፈርሷል፤ ሊቃውንቱም የሚሰበሰቡት እኔ ለሥራ ስሄድ በየቀኑ በማልፈው በያቭኔ ነበር። የሚያስታውሱት ጦርነት ከ132 እስከ 135 አይሁድ በሮም ላይ ያካሄዱት የባር ኮኽባ ዐመፅ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን «እርግጠኛ» ብዬ ምልክት ያደረግሁባቸው ሁለቱ፣ ማለትም የነቢዩ ስምና ቤተ መቅደሱ፣ አሳሳች ሆነው ሲገኙ «አጠራጣሪ» ያልሁት ጂኦሜትሪ ግን የመጽሐፉ ምሰሶ ነው።

ሃይም ፖቶክ መቅድም የጻፈለትን የኋላ ዕትም አዘዝሁ። ወጪ፦ የኢየሩሳሌም ባቡርና አውቶቡስ 58፣ መጽሐፉ 94፣ ማጓጓዣ 41 ሸቀል። ጠቅላላው ከተሳሳቱት ጋር 308 ሸቀል ሆነ። የመጀመሪያውን ዕትም ከነሽፋኑ የሚሸጡ አሉ፤ ዋጋውን ካየሁ በኋላ ገጹን ዘጋሁት። አጎቴም ቢሆኑ ሽፋኑን አያውቁትም።

ሳምንት 8

መጽሐፉ ደርሶ ሁለት ማክሰኞ አነበብን። ፊደሉ ለአጎቴ ዓይን ደቃቅ ሆነ። መጀመሪያ ከሹክ፣ ማለት ከገበያ፣ የተገዛ ባለ መብራት ማጉያ መነጽር ሞከርን፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መስመሩ ይጠፋባቸዋል። ቀጥሎ ገጾቹን በስልክ አንሥቼ በታብሌት ላይ አጎላኋቸው፤ ይህ ይሻላል፣ ግን ዓይናቸው በአሥር ደቂቃ ይደክማል። አሁን የያዝነው እኔ እንግሊዝኛውን አንብቤ አንቀጽ በአንቀጽ በአማርኛ የምነግርበትን መንገድ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ከስምንት ገጽ አይበልጥም።

የቃል ችግር አለብኝ። ውግዘት፣ ጉባኤ፣ ደቀ መዝሙር የመሳሰሉት ከቤተ ክህነት አማርኛ ተዘጋጅተው ይገኛሉ፤ የግሪኩ ፍልስፍና ላይ ስደርስ ግን እደናቀፋለሁ። ኤሊሻ እምነትን እንደ ኢዩክሊድ ጂኦሜትሪ ከማያጠራጥር መነሻ ተነሥቶ ሊያረጋግጠው የሚመኝበት ቦታ ላይ «አክሲየም» የሚለውን እንዴት እንደምገልጸው ሳስብ አጎቴ ደብተሬን ወሰዱ። እስክሪብቶ ይዘው አንድ መስመር አሰመሩ፤ ከመስመሩ ውጪ ነጥብ አደረጉና በነጥቧ ላይ ሁለተኛ መስመር አሳለፉ። «ኢዩክሊድ መጀመሪያ መጽሐፉ ላይ ሃያ ሦስት ፍቺ፣ አምስት መነሻ፣ አምስት ደግሞ የጋራ እውቀት ያስቀምጣል» አሉ። «አምስቱ መነሻዎች አይረጋገጡም፤ ትቀበያቸዋለሽ። አምስተኛው ስለነዚህ ስለ ትይዩዎቹ ነው፤ እርሱን ለማረጋገጥ ስንቱ ሊቅ ደከመ።» ዝም ካሉ በኋላ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ለአዲስ ተማሪዎቻቸው «እነዚህን አምስቱን ሳትጠይቁ ተቀበሉኝ፤ የቀረውን ሁሉ ጠይቁኝ» ይሉ እንደነበረ ነገሩኝ። ይህን ከየት እንዳመጡት ግን ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ኤሊሻም መጨረሻ ላይ የሚደርሰው እዚያው ነው፤ ጂኦሜትሪውም ራሱ ሳይረጋገጥ በታመነ ነገር ላይ የቆመ ሆኖ ያገኘዋል። እስከዚያ ገጽ ገና ስላልደረስን አልነገርኋቸውም።

ሳምንት 9

የዛፉን ትዕይንት ተራው ሳይደርስ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብሁ። ልጁ ሲወድቅ፣ ኤሊሻም ዳኛም ፍርድም የለም ወደሚለው ሲደርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ተነሥተው ከመደርደሪያው ኦሪቱን አወጡና ማጉያውን ይዘው ዘዳግም 22ን ፈለጉ። በግእዝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሁለቱን ቁጥሮች አነበቡ፤ ከዚያም እንግሊዝኛውን ድገሚልኝ አሉ። ደገምሁት። እርሳቸው ሲያስታውሱ የኖሩት ኤሊሻ ብቻውን ቆሞ ሲያይ ነው፤ በመጽሐፉ ግን ሌሎች ሊቃውንትም አብረውት አሉ። «እኔ ብቻውን ነው ያስቀረሁት» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ።

ሰንጠረዡ ላይ ይህን ልዩነት በመጨረሻው መስመር አስገብቼ ፋይሉን ዘጋሁት። ገጹን በቀይ ክር ምልክት አደረግሁበት። የሚቀጥለው ማክሰኞ ከአንጾኪያው ክፍል እንቀጥላለን፤ የታብሌቱን ቻርጀር እንዳልረሳ።